የብርዝ ቤት ልጅ

ሳሊሃ አንድ ቦታ ረግታ ተቀምጣ አታውቅም። ስልክ ስታወራ ትዞራለች፤ ስትበላ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትነሳለች፤ ሻይ ቀድታልሽ ሳትጨርሺ ብርጭቆውን ልታጥብ ትጠብቃለች። ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር ውስጥ አርብ አርብ የምናርፍባት፣ ጥቂት ሴቶች ተዋጥተን የተከራየናት አንዲት ክፍል አለችን። ፍራሽ ከተነጠፈባት በኋላ ለእግር የሚተርፍ ቦታ የላትም። ሳሊሃ ግን በፍራሾቹ መሀል መንገድ አበጅታ ከበሩ እስከ መስኮቱ ትመላለሳለች። «ተቀመጪ እንጂ፣ ራሴን አዞርሽው!» ስላት ትስቅና ትቀመጣለች፤ ትንሽ ቆይታ ውሃ ልጠጣ ብላ ትነሳለች።

የዚያን ዕለት አርብ ግን ስትገባ አባያዋን አላወለቀች፣ ሰላምም አላለችኝ።

«ተበላሸ» አለች።

«ምኑ?»

«እናቴ ሽማግሌዎቹን መለሰቻቸው። በሽር ዘመድሽ ነው አለችኝ።»

እኔ ታደለች እባላለሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ያለው ስም ሀያት ነው፤ ስመጣ ደላላው ያወጣልኝ ነው። ማዳሜ በእሱ ትጠራኛለች፣ እኔም አቤት እላለሁ። እኔ የሰሜን ሸዋ ክርስቲያን ነኝ፣ ሳሊሃ የወሎ እስላም ናት። ራውዳ ሰፈር ውስጥ የምንሠራባቸው ቤቶች በአንድ አጥር ይዋሰናሉ፤ ቆሻሻ ልንጥል ስንወጣ ተዋወቅን፣ ከዚያ ወዲህ እህቴ ናት። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ የዘር ቆጠራ ወሬ ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ሞተው አፈር የሆኑ ሰዎች የኑሮ ፈቃድ ሰጪ ሲሆኑ ማየት አልወድም። ስለዚህ ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ድምፄ ከፍ ካለ አትታዘቡኝ።

ሳሊሃ ሪያድ የመጣችው ገና በልጅነቷ ድረው ካስፈቷት በኋላ፣ ፓስፖርቷ ላይ ዕድሜ ተጨምሮላት ነው። የማዳሟን ልጆች በሙሉ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ዐረብኛ የለመደችው ከእነሱ ስለሆነ አሁንም ስትናደድ እንደ ሕፃን ትኮላተፋለች፤ እኔን በሳቅ ትገድለኛለች። ታናሽ ወንድሟን አስተማሪ፣ ታናሽ እህቷን ነርስ አደረገች። ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራች። ለራሷ ምን ሠራሽ ቢሏት የምትለው የላትም። የተወለወለውን መስታወት ደግማ ትወለውላለች፣ የታጠፈውን ልብስ ፈትታ ታጥፋለች። ማዳሟ «ሳሊሃ ሞተር አላት» ትላለች። እኔ ግን ሞተር አይመስለኝም ነበር። ብትቀመጥ አንድ ሰው መጥቶ «አንቺስ?» ብሎ የሚጠይቃት ይመስላታል፤ ያንን ትሸሻለች።

ጠየቃት በሽር። በሽር ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ሰዋቅ፣ ሹፌር ማለት ነው፤ የቤቱን ልጆች ትምህርት ቤት ያመላልሳል፣ ቀሪውን ጊዜ መኪና ያጥባል። ዝምተኛ ነው። እኔ እንዲያውም ዝምታው ያናድደኛል፤ ስታናግሪው መልሱ እስኪመጣ ወጥ ሠርተሽ ትጨርሻለሽ። ለሳሊሃ ግን ተስማማት። የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከወሎ፣ ወደ ባቲ ገበያ ከሚወርደው መንገድ ዳር ናቸው። ከፊሉ፣ አሠሪው ማለቴ ነው፣ ኸሩጅ የሚሉትን የመጨረሻ መውጫ ወረቀት ሊሰጠው ነው፤ ከአረፋ በፊት ጠቅልሎ አገሩ ይገባል። «ኒካውን እዚያ እናስር፤ አንቺም ከማዳምሽ ተነጋግረሽ ተከተይኝ» አላት። እሷም እሺ አለች። ዘመዶቹ ሽማግሌ ሆነው እናቷ ዘንድ ሄዱ። እናቷ እምቢ ካለች በሽር ብቻውን ይሄዳል፣ ሳሊሃም መስታወቷን እየወለወለች እዚሁ ትቀራለች። ነገሩ ይኸው ነው።

«እንዴት ነው ዘመድ የሆነው?» አልኳት።

ስልኳን አውጥታ የእናቷን የድምፅ መልእክት ከፈተችልኝ። እናቷ እማማ ሰሊማ ሲናገሩ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እያስቀመጡ ነው።

«ልጄ፣ ልጁ የብርዝ ቤት ልጅ ነው አሉኝ። እኛም እኮ የዚያው ቤት ነን። ቅድመ አያቴ ዘይነባ የብርዝ ቤት የቤት ልጅ ነበረች። ሰባት ቤት ሳይሞላ እንዴት ተደርጎ? በአላህ ይሁንብሽ፣ ተይው።»

«የብርዝ ቤት፣ የቤት» የምትለዋን ስሰማ ኔትወርኩ ነው የደገመው ብዬ አለፍኩት። ሳሊሃም እንደዚያው።

ብርዝ ቤት ዛሬ የመንደር ስም ነው፤ ድሮ ግን በእርግጥም ቤት ነበር። ሲራራ ነጋዴ ጨው በበቅሎ ጭኖ ከቆላ በሚወጣበት ዘመን፣ ይማም የሚባል ሰው ከሚስቱ ከእመት ዘሀራ ጋር መንገዱ ዳር የመጠጥ ቤት ከፈተ። ቤቱ ሁለት በር ነበረው አሉ። በአንዱ ክርስቲያኑ ገብቶ ጠጁን በብርሌ ይጠጣል፤ በሌላው እስላሙ ገብቶ ጌሾ ያልነካውን ብርዝ ይጠጣል። ማሩ ያው አንድ ማር ነው። መንደሩ የእስላም ስለሆነ ጠጁ ተረስቶ ብርዙ ስም ሆኖ ቀረ። ይህን ሁሉ ለበሽር በልጅነቱ ያወሩለት የአያቱ ወንድም ሸህ ሬድዋን ናቸው፤ የቤቱን ዘር ከይማም ጀምሮ እንደ ውሃ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። እናቷ ዘንድ የሄዱትን ሽማግሌዎች የመሩትም እሳቸው ነበሩ። እማማ ሰሊማ «ዘመድ ነን» ሲሏቸው «እውነትሽን ነው፤ ዘመድ ባትሆን ኖሮ ከእሷ የተሻለ የት እናገኝ ነበር!» ብለው መርቀው ተነሱ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሳሊሃ መቁጠር ጀመረች። እናቷ ከይማም ጀምሮ ሰባት ቤት ካልሞላ አይሆንም ካሉ፣ ምናልባት ቢሞላስ? ሽንኩርት እየከተፈች ትቆጥራለች። ልብስ እያሰጣች ትቆጥራለች። አንዳንዴ ስድስት ትሆናለች፣ አንዳንዴ ራሷን ሁለት ጊዜ ቆጥራ ሰባት ትደርስና ትጮሃለች። አንድ ቀን ከአጥሩ በላይ «ታደሉ! ደረስኩ!» ብላ ስትጮህ ማዳሜ ደንግጣ ወጣች።

የእሷዋ ማዳም ደግሞ ነገሩን ስትሰማ ወንበር ላይ ወደቀች በሳቅ።

«ዘመድ ስለሆነ ነው የማታገቢው? እኔ የአጎቴን ልጅ አይደል ያገባሁት! እናቴም የአጎቷን ልጅ!» ለጎረቤቷ ደውላ ነገረቻት፤ ጎረቤቷም የአጎቷን ልጅ ነው ያገባችው። በሽርም ቢሆን በሸሪዓ የሚከለክል ነገር እንደሌለ ነግሯታል። ሳሊሃ ግን የእናቷ ልጅ ናት። «እኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም» ትላለች። እኔም ብሆን፣ የፈለግሁትን ያህል ብቆጣ፣ እኛ ዘንድም ሰባት ቤት ይቆጠራል። የአጎቴን ልጅ ሳስብ ፊቴን አዞርኩ።

ማግኘት የፈለገችው የዘይነባን አባት ነበር። ዘይነባ የይማም ልጅ ከሆነች ስድስት ቤት ነው፣ አበቃ። የይማም የልጅ ልጅ ከሆነች ሰባት ይሞላል። እናቷን ጠየቀች፤ «ከዘይነባ በላይ አልተነገረኝም» አሏት። ሸህ ሬድዋንን በበሽር በኩል አስጠየቀች፤ «ዘመድ መሆናችሁ ይበቃል» አሉ። ዘሩን እንደ ውሃ የሚያወርዱ ሰው እዚህች ላይ ሲደርሱ ለምን እንደሚደርቁ ገረመኝ። ሳሊሃ እንቅልፍ አጣች፣ ከሳች፣ ሁለት ሰሃን ሰበረች።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ማዳሟ እንግዶች ነበሯት። ሳሊሃ ሻይ እያዞረች ነበር። ከእንግዶቹ አንዷ «ይቺ አሁንም እናንተ ዘንድ ናት እንዴ? ምን ዓይነት ታማኝ ናት!» አለች። ማዳም የሳሊሃን ክንድ ይዛ ሳብ አደረገቻትና «ሀዚ ቢንት በይትና» አለች። የቤታችን ልጅ ናት ማለቷ ነው። በፍቅር ነው ያለችው፤ ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም። እንግዳዋ ደስ ብሏት ብርጭቆዋን ድጋሚ እንድትሞላላት ዘረጋች።

ሳሊሃ ቆሻሻ መጣያው ጋ መጥታ ያገኘችኝ ከረጢት እንኳ ሳትይዝ ነው።

«ታደሉ፣ ማዳም ዛሬ የቤት ልጅ ናት አለችኝ።»

«ታዲያ ደግ አለች።»

«ልጇ ነኝ ማለት ነው?»

«አይደለሽም።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«የምትሠሪላት ማለት ነው። ምን ሆነሻል አንቺ?»

ስልኳን አውጥታ የእናቷን መልእክት ከፈተች። «ዘይነባ የብርዝ ቤት የቤት ልጅ ነበረች።» ደግማ ከፈተችው። ኔትወርኩ አልደገመም ነበር። እማማ ሰሊማ የተናገሩት እንደዚያው ነው፤ የብርዝ ቤት ልጅ አላሉም፣ የብርዝ ቤት የቤት ልጅ ነው ያሉት። አንዲት «የቤት» ብቻ ናት የተጨመረችው። ሁለታችንም ተያየንና ቀድሞ መናገር አልፈለግንም።

በማግስቱ አርብ ነበር። ዲራ ሰፈር ወደሚገኘው የጋሽ አንዋር ሱቅ ሄድን። ጋሽ አንዋር የሀበሻ ቅመም የሚሸጥ፣ ገና መኪና በሌለበት ጊዜ ነው የመጣሁት እያለ የሚቀልድ፣ የእነሳሊሃ አገር ሰው ነው። ሱቁ ከአሮጌው ገበያ ኋላ በኩል፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ነው።

«ጋሼ፣ የብርዝ ቤትን ሰዎች ያውቋቸዋል?» አለችው ሳሊሃ።

«እንዴት አላውቅም! የእናቴ አገር ከዚያ ማዶ አይደል!»

«ዘይነባ የምትባል ሴት ሰምተዋል? ቅድመ አያታችን ናት።»

የያዘውን የበርበሬ ከረጢት አስቀመጠ። «ማነው የነገረሽ?»

«እናቴ። የብርዝ ቤት የቤት ልጅ ነበረች አለችኝ።»

«ይኸው ተናግራለች እኮ። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ እህቴ?»

ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሼ፣ ገረድ ነበረች ማለት ነው? ይናገሩት፣ ኸላስ!»

«ገረድማ ስትፈልግ ትሄዳለች» አለ ጋሽ አንዋር። ወደ መንገዱ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኛ ዘንድ ይህ አይወራም። ሰው እንደ ጨው በሚሸጥበት ዘመን ነው። ነጋዴ አመጣት፣ እመት ዘሀራ ዘንድ ትቷት ሄደ። ልጅ ነበረች። ዘይነባ አሏት። አደገችና ማሩንም ጋኑንም እንግዳውንም ያዘች። እመት ዘሀራ ካረጀች በኋላማ መንገደኛው 'ዘይነባ አለች ወይ?' ብሎ ነበር የሚገባው፤ ካለች ይወርዳል፣ ከሌለች በቅሎውን ይነዳል ይባላል። ብርዝ ቤት ያሰኘችውም እሷ ናት። ኋላ ነጻ ወጣች፣ ሸማኔ አገባች፣ ወለደች። ልጆቿ የብርዝ ቤት ልጆች ነን አሉ። ማንም አልከለከላቸውም። ማንም ግን አልረሳም።»

ሳሊሃ አመስግናው ወጣች። በገበያው መንገድ ላይ ልደርስባት አልቻልኩም፤ እየሮጠች ነው ማለት ይቻላል። «ዘመዴ አይደለም! ታደሉ፣ ዘመዴ አይደለም እኮ!» እያለች ትስቃለች። ምንጣፍ የሚሸጡት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ከዚያ አንድ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ቆመችና ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ እንኳ ለይቼ አላውቅም፤ ንዴት ይመስለኛል።

እናቷ ጋ እዚያው ቆመን ደወልን። ሳሊሃ የሰማችውን ለእማማ ሰሊማ ነገረቻቸው።

«አወቅሽ በቃ?» አሉ።

«ለምን ዘመድ ነን አልሻቸው እማ? ዘመድ እንዳልሆንን እያወቅሽ!»

«ምን ልበላቸው? የቤት ልጅ ልጅ ናት፣ ውሰዷት ልበላቸው? ያን ጊዜ ማነው የሚወስድሽ? እኔ ለቅሶ ስሄድ ከቤተ ዘመድ ጋር ነው የሚያስቀምጡኝ። ሠርግ ላይ ስሜ ይጠራል። ይህን ለማግኘት እናቴ ስንት ነገር ዋጠች! ዘመድ ነን ብንል ምን ይጎድልሻል? ሌላ ባል ፈልጊ። እኔን ግን ከዚያ ቤት አታስወጪኝ፣ ልጄ።»

ሴትዮዋ ልክ ናቸው፣ ልጅቷም ልክ ናት፤ ሁለቱም ልክ ሲሆኑ ማንን ነው የምትቆጪው?

በሽርን የነገረችው መኪና ሲያጥብ ነው። እኔ አጥራችን ጥግ ቆሜ እሰማለሁ፤ አላፈርኩም። የመኪናውን የጎን መስታወት ማሸቱን ቀጠለ። ቀጠለ። ድንጋይ ላነሳበት ምንም አልቀረኝም።

«ልጅ ሆኜ አንድ ነገር ሰምቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እንደ ሰማሁ እረሳለሁ ብዬ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሁለት ሰው እንጨምር።»

እንዲህ ነው ያሰበው። ዘይነባ የሙሄ ልጅ ትሁን፣ ሙሄ የአሊ፣ አሊ የይማም። ሙሄም አሊም በዓለም ላይ ኖረው አያውቁም። ነገር ግን ሁለቱ ከገቡ ሳሊሃ ከይማም ስምንተኛ ትሆናለች፤ ሰባት ቤት ሞልቶ ይተርፋል። ዘመድነቱ ይቀራል፣ ጋብቻው ይፈቀዳል። እናቷ አይዋረዱ፣ የእሱም ዘመዶች አይከፋቸው። ሸህ ሬድዋን ቆጠራውን በስልክ ይሰሙና ያጸድቃሉ። «ሰላም ይሻላል ሳሊሃ» አላት። «ወላህ እኔ ማንም ሁኚ ግድ የለኝም። ለእነሱ ነው።»

መጀመሪያ ንቄው ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ከሁላችንም የተሻለ ያሰበ እሱ ሆኖ አገኘሁት። ሁለት የውሸት ሬሳ ፈጥሮ አራት ሕያዋንን ማስማማት ነው። እማማ ሰሊማም ሲነገራቸው «ይሁን» አሉ፤ ድምፃቸው ሁሉ ቀለለ። ሳሊሃ ሙሄንና አሊን እንዳትረሳ ልብስ ስትተኩስ ታነበንባቸዋለች። «ዘይነባ የሙሄ፣ ሙሄ የአሊ።» እኔም ፈተንኳት፣ እንደ ተማሪ።

በቀጠሮው አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ክፍላችን ውስጥ ስልኩን ትራስ ላይ አቆምነው። እንደ ልማዷ በፍራሾቹ መሀል እየተራመደች ነበር፤ ገመዱ አጭር ስለሆነ ቻርጀሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። በስልኩ ውስጥ ሸህ ሬድዋን ከሽማግሌዎቹ ጋር ብርዝ ቤት ተቀምጠዋል፤ እማማ ሰሊማ በቤታቸው ሆነው ይሰማሉ፤ በሽርም መኪናው ውስጥ ሆኖ መስመሩ ላይ ገብቷል። ሰላምታው ረዘመ። ዝናቡ፣ ከብቱ፣ ጤናው ሁሉ ተጠየቀ።

«በይ እስቲ ልጄ፣ ቁጠሪልን» አሉ ሸህ ሬድዋን።

ሳሊሃ ጀመረች። «ሳሊሃ የሰሊማ። ሰሊማ የከዲጃ። ከዲጃ የፋጤ። ፋጤ የዘይነባ።» ድምፅዋ ጥሩ ነበር። «ዘይነባ የ…»

ቆመች። እኔ በከንፈሬ «የሙሄ፣ የሙሄ» እላለሁ። አየችኝ። አልረሳችውም፤ ዓይኗ ላይ ያስታውቃል።

ሸህ ሬድዋን ረጋ ብለው፣ በእውነት በደግነት፣ «አትፍሪ ልጄ። የቤታችን ልጅ አይደለሽ?» አሏት።

«ሸህ» አለች ሳሊሃ፣ «ዘይነባ የማን ልጅ እንደሆነች አይታወቅም። ነጋዴ ነው ያመጣት። አባት ልሰጣት ፈልጌ ነበር፣ ከብዶኝ ነው። እኛ የይማም ዘር አይደለንም። የብርዝ ቤት የቤት ልጆች ነን።»

በስልኩ ውስጥ አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። እኔ ስለ እማማ ሰሊማ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አሁን ስልኩን ይዘጋሉ፣ ልጃቸውንም ይረግማሉ ብዬ ነው የጠበቅሁት።

«እውነቷን ነው» አሉ እማማ ሰሊማ።

«ሰሊማ!» አሉ ሸህ ሬድዋን። «ይህን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ዘመድ ነን ስላችሁ አውቃችሁ እሺ ብላችሁ ተነሳችሁ። ለእኔ ክብር ይሁን ልጄን ላለመውሰድ እስካሁን አልገባኝም። ዘመድ ባትሆን ኖሮ ከእሷ የተሻለ የት እናገኝ ነበር አላችሁ። ይኸው ዘመድ አይደለችም። ደግሞ ዘይነባ እናንተ ያወጣችሁላት ስም ነው። እሷ ለልጇ የነገረቻት ሌላ ነው። እናቴ በጆሮዬ ነው የነገረችኝ። ዋንጌ ነው ስሟ። የማን አገር ስም እንደሆነ አላውቅም።»

ሳሊሃ ይህን ስም ሰምታው አታውቅም ነበር። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ወገን አንድ ቁጡ ድምፅ «ስልኩን ዝጉት፣ ምን እንሰማለን!» አለ። ያን ጊዜ ነው በሽር የተናገረው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ መለሰ።

«አባባ፣ ሽማግሌ ሆነው ሄደውልኝ ነበር። ያን ቀን የተናገሩትን አሁንም ይበሉልኝ። ካልሆነም ኢንሻአላህ ያለ ሽማግሌ አገባታለሁ።»

ሸህ ሬድዋን መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ሲተነፍሱ ይሰማል። «ዘመድ ካልሆነች… መከልከያ የለንም» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ጣጣ ነው። በሽር ኸሩጁን ይዞ ሄደ። የሳሊሃ ማዳም አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ልጆቹን አስለቀሰች፣ በመጨረሻ እሺ አለች። እኔ ብቻዬን ልቀር ነው፤ ደስታዬና ንዴቴ ተደባልቀው አሁንም አልለዩልኝም።

ባለፈው አርብ እማማ ሰሊማ ደወሉ። ከሸህ ሬድዋን ቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ደርሰው መመለሳቸው ነበር። ሳሊሃ «እንዴት ዋልሽ» እንኳ ሳትል ጠየቀቻቸው።

«ከቤተ ዘመድ ጋር አስቀመጡሽ እማ?»

«አላስቀመጡኝም። የሚጠጋልኝም አልነበረም። በር ላይ ተቀመጥኩ።»

«እማ፣ በእኔ ነው። ይቅር በዪኝ።»

«ተይ ልጄ። ብቻዬን ነበርኩ፣ አዝኜም ነበር፣ አልዋሽሽም። ኋላ ከሩቅ የመጣች አንዲት ለቀስተኛ ከጎኔ ተቀመጠችና የማን ልጅ ነሽ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«የዋንጌ አልኳት።»